ልስን የሌለው ግድግዳ ያስተማረኝ

እኛ አገር ሳይት ላይ ያደገ ባለሙያ ሁሉ አንዲት ቃል ያውቃል፤ «ልስን ይሸፍነዋል» ትባላለች። ኮለኑ ትንሽ ቢያዘነብል፣ የቢሙ ጎን ጠጠሩ ገጦ ቢቀር፣ በፎርሙ መገጣጠሚያ በኩል የሲሚንቶው ውሃ ፈስሶ አሸዋው ብቻውን ቢታይ፣ ፎርማኑም አናጢውም መሐንዲሱም አየት ያደርጉትና በዚህች ቃል ተስማምተው ይለያያሉ። እኔም ሙያዬን የጀመርኩት በዚህች ቃል ጥላ ሥር ነው። ለዓመታት አርማታን የማውቀው በአንድ ቁጥር ብቻ ነበር፤ በ28ኛው ቀን ኪዩቡ ሲጨፈለቅ ማሽኑ በሚያሳየው ቁጥር። እሱ ካለፈ ሁሉ ነገር ያለፈ ይመስለኝ ነበር። አሸዋና ጠጠር ደግሞ የግዥ ክፍል ጉዳይ ነው፤ ገልባጭ መኪና ያመጣዋል፣ ተረካቢው ይፈርማል፣ ሚክሰሩ ይበላዋል።

ይህን ሐሳቤን የቀየረው አንድ ግድግዳ ነው።

አዲስ አበባ ውስጥ የሚገነባ የንባብ አዳራሽ የፊት ገጽ ነበር። አርክቴክቱ ልስንም ቀለምም የድንጋይ ልባስም እንዳይነካው አድርጎ ነው የነደፈው፤ አርማታው ከፎርሙ ሲላቀቅ የያዘውን መልክ ይዞ እንዲኖር። በበጋ ተሞላ። ጥር ላይ ፎርሙ ሲነሳ የሳይቱ ሰው ሥራ አቁሞ ሊያየው እንደወጣ ነግረውኛል። ፎቶግራፎቹን አይቻለሁ፤ ለስላሳ፣ እኩል ግራጫ፣ የሳንቃው ጅማት በስሱ የታተመበት ግድግዳ ነበር። ኪዩቡም ከተፈለገው በላይ አልፏል። ከዚያ ክረምት ገባ። ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው፤ መስከረም ላይ ግድግዳው ፈንጣጣ እንደበላው ፊት ሆኖ ተገኘ። የሳንቲም ስፋት ያላቸው ጉድጓዶች ተበትነውበታል፣ ነጣ ያሉ ነጠብጣቦች ወጥተውበታል፣ አንዳንድ ቦታ ደግሞ ቡናማ የዝገት መስመር ወደ ታች ወርዶበታል። የምሠራበት የአማካሪ ድርጅት ምክንያቱን አጣርቼ እንድጽፍ የላከኝ ያኔ ነው።

ግድግዳው ፊት ስቆም የተሰማኝ ሐፍረት ነው። እኔ አልሞላሁትም፤ ፊርማዬም የለበትም። ግን በልስን ስንሸፍነው የኖርነው የሙያችን ገበና አደባባይ የወጣ መሰለኝ። አንድ ትንሽ ልጅ የእናቱን እጅ ይዞ ሲያልፍ ጣቱን ከጉድጓዶቹ በአንዱ ውስጥ ሲከት አየሁ። ያን ቀን ቤቴ የገባሁት ከፍቶኝ ነው።

ስብሰባው ላይ ሁሉም የየራሱ ጥፋተኛ ነበረው። አንዱ ቫይብሬተሩ በቂ አልነበረም አለ፣ ሌላው ሲሚንቶው ነው አለ፣ ሦስተኛው የፎርሙ ዘይት በዝቷል አለ፤ ልስን አይነካውም ያለውን አርክቴክት የወቀሰም ነበር። ጥግ ይዘው የተቀመጡት ሽማግሌ ፎርማን ግን ምንም አላሉም። ሲያልቅ ጠጋ ብዬ «ጋሼ፣ እርስዎስ ምን ይመስልዎታል?» አልኳቸው። «ና እንውጣ» አሉና መሰላሉን ቀድመውኝ ወጡ።

ከአንዱ ጉድጓድ አጠገብ ቆሙ። ጉድጓዱ እንደ ቀልባቢት ነው፤ ከአፉ ሰፊ፣ ወደ ውስጥ ጠባብ። ከታች ለሁለት የተሰነጠቀ ጠጠር ግማሹ ተቀምጧል። ሌላው ግማሽ ተፈናጥሮ በወደቀው ቅርፊት ጀርባ ላይ አለ። «ልጄ፣ እስቲ ጥፍርህን ስደድበት» አሉኝ። ፋቅኩት። ቡናማ ዱቄት ጥፍሬ ውስጥ ገባ። ጠጠር በጥፍር ሲፋቅ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ፎርማኑ አልተገረሙም። «ይሄ የካባው አናት ነው፤ ጥቁሩ ድንጋይ ከሥሩ ነው ያለው» አሉ።

የዚያች ዓረፍተ ነገር ትርጉም የገባኝ ቆይቶ፣ የድንጋይ ስስ ቁራጭ በማይክሮስኮፕ የሚያይ የጂኦሎጂ ባለሙያ ሲያስረዳኝ ነው። የአዲስ አበባ ጠጠር በአብዛኛው ከባዛልት ይፈጫል። ጤነኛ ባዛልት ጥቁር፣ ከባድ፣ በመዶሻ ሲመቱት የሚጮህ ድንጋይ ነው። ከመሬቱ ገጽ አጠገብ ያለው ግን ለብዙ ሺህ ዓመት ዝናብና አየር ያገኘው ነው፤ በውስጡ ያሉት ማዕድናት ቀስ በቀስ ወደ ሸክላ አፈር ይለወጣሉ። ይህ ሸክላ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። እንዲህ ያለ ጠጠር ወፍራም አርማታ መሐል ቢቀበር ላይታወቅ ይችላል። ከግድግዳው ፊት ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ወደ ውስጥ ሲቀመጥ ግን ዝናቡ በስሱ የሲሚንቶ ቆዳ በኩል ይደርስበታል፤ ያብጣል፣ ቆዳውን ይገፋል፣ ቅርፊቱን ፈንቅሎ ይጥላል። በቀዝቃዛ አገር መጻሕፍት ይህ ጉዳት ሲተረክ ብዙውን ጊዜ ተጠያቂው በረዶ ነው፤ ጠጠሩ የጠጣው ውሃ ሲረጋ ይፈነዳል። እኛ ጋ በረዶ አያስፈልግም፤ ሐምሌና ነሐሴ ይበቃሉ።

ማስረጃውም ግድግዳው ላይ ተጽፎ ነበር። ሥራው ከግራ ወደ ቀኝ በክፍል በክፍል ነው የተሞላው። የመጀመሪያዎቹ ክፍሎች ንጹሕ ናቸው። ከመሐል ወደ ቀኝ ጉድጓዱ ይበዛል። የመረከቢያ ደረሰኞቹን ሳገላብጥ መሐል ላይ የጠጠሩ ምንጭ ተቀይሯል፤ የፊተኛው ክሬሸር ወረፋ ስለበዛበት ከሌላ ካባ መምጣት ጀምሯል። መጠኑ ያው 02 ጠጠር ነው፣ ዋጋውም ተቀራራቢ ነው፣ ቀለሙም ከሩቅ ሲያዩት ያው ጥቁር ነው፤ ማንም አልጠየቀም። በቀኝ በኩል፣ በመግቢያው ጣሪያ ሥር ያለው ክፍል ደግሞ ከዚያው ከሁለተኛው ጠጠር የተሞላ ሆኖ ሳለ አንድም ጉድጓድ የለውም። ዝናብ አይነካውም። ቫይብሬተሩም ሲሚንቶውም የፎርሙ ዘይትም በዚህ ነጻ ወጡ።

ነጣ ያሉት ነጠብጣቦች ሌላ ታሪክ ነበራቸው። እነሱ የመጡት ከአሸዋው ነው። ከስምጥ ሸለቆ ወደ አዲስ አበባ የሚጫነው አሸዋ የእሳተ ገሞራ ምድር አሸዋ ነው፤ አንዳንዱ ውስጥ ፐሚስ ይገኛል፤ ያ ብሎኬት የሚሠራበት ቀላል፣ ቀዳዳ ቀዳዳ የሆነ ነጭ ድንጋይ። ሁሉም የስምጥ ሸለቆ አሸዋ እንዲህ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከአንዱ የወንዝ ዳር ወደ ሌላው ይለያያል፣ ከአንዱ ጉድጓድ ወደ ሌላውም ይለያያል። ፐሚስ ውሃ ላይ ይንሳፈፋል፤ አርማታ ውስጥም ሲርገበገብ ወደ ላይ መውጣት ይወዳል። በሚስማር ሲነኩት ይፈረፈራል። የሚደንቀኝ ነገር ግን ይሄው ፐሚስ ልሞ ዱቄት ሲሆን ለሲሚንቶ ጥሩ ጓደኛ መሆኑ ነው፤ የአገራችን ፋብሪካዎች ፒፒሲ የሚባለውን ሲሚንቶ ሲያመርቱ የሚጨምሩት እሱን ነው። ተፈጭቶ አርማታን የሚጠቅመው ድንጋይ ሳይፈጭ አሸዋ ውስጥ ሲገባ ፊቱን ያበላሸዋል።

የዝገቱን መስመር በተመለከተ እኔም ጠጠሩን ነበር የጠረጠርኩት። አንዳንድ ድንጋይ ውስጥ ፒራይት የሚባል የብረትና የድኝ ማዕድን አለ፤ አየርና እርጥበት ሲያገኝ ይዝግና ግድግዳውን ያቀልማል። ለዚህ የቆየ ቀላል ምርመራ አለ፤ ጠጠሩን በኖራ ውሃ ውስጥ መንከር። ጎጂው የፒራይት ዓይነት ካለ በደቂቃዎች ውስጥ ሰማያዊ አረንጓዴ ዝልግልግ ነገር ይወጣና አየር ሲያገኝ ወደ ቡናማ ይለወጣል። ነከርነው። ምንም አልወጣም። የመስመሩን ጫፍ በመርፌ ስንቆፍር ያገኘነው የማሰሪያ ሽቦ ቁራጭ ነው፤ ፌሮ ሲታሰር ተቆርጦ ፎርሙ ላይ የወደቀ። እዚህ ላይ ጠጠሩ ነጻ ነበር። ይህን ሪፖርቱ ውስጥ ስጽፍ ደስ ያለኝን ያህል ሌላው ክፍል ደስ አላለኝም፤ ድንጋይም ቢሆን ያላጠፋው ሊጫንበት አይገባም።

ይሁንና አእምሮዬን ሲከነክነው የቆየ ጥያቄ ነበር። ኪዩቡ ይህን ሁሉ እያየ ለምን ዝም አለ? 15 ሳንቲ ሜትር በ15 በ15 የሆነ ኪዩብ ውስጥ በመቶዎች የሚቆጠሩ ጠጠሮች አሉ። ከእነሱ መሐል ጥቂቱ ልፍስፍስ ቢሆን የቀሩት ሸክሙን ይሸከሙለታል፤ ማሽኑ አይታዘብም። የሎስ አንጀለስ የሚባለው የጠጠር ምርመራም እንዲሁ ነው። ጠጠሩን ከብረት ኳሶች ጋር ከበሮ ውስጥ ከትቶ 500 ዙር ያሽከረክርና ምን ያህሉ እንደደቀቀ ይመዝናል፤ የሚነግረን የሁሉንም ድምር ነው። መቶ ጤነኛ ጠጠር መሐል የተደበቀችውን አንዷን ክፉ ጠጠር ነጥሎ አይጠራትም። ግድግዳ ግን የሚታየው በእሷ ነው። አላፊ አግዳሚው ስለ ደህናዎቹ ጠጠሮች አያወራም፤ ዓይኑ የሚያርፈው ጉድጓዱ ላይ ነው። በቁጥር ሳምን ለኖርኩት ሰው ይህን መቀበል ቀላል አልሆነልኝም። ጥንካሬ በአማካይ ይሠራል፣ መልክ ግን በአማካይ አይሠራም። ከግድግዳው የወሰድኩት ትልቁ ትምህርት ይሄ ነው።

ከዚያ በኋላ መጽሐፍ ሳገላብጥ የአሜሪካው መስፈርት ኤኤስቲኤም ሲ33 ይህንኑ ሲል አገኘሁት። በአሸዋ ውስጥ ሊኖር የሚችለውን የድንጋይ ከሰልና ሊግናይት 1 በመቶ ድረስ ይፈቅዳል፤ የአርማታው መልክ ተፈላጊ በሆነበት ሥራ ላይ ግን ወደ 0.5 በመቶ ያወርደዋል። የሚታይ ፊት የተለየ ሕግ አለው ማለት ነው። ተማሪ ሆኜ ሰንጠረዡን አጥንቼዋለሁ፤ ያቺን መስመር ግን የሚያስታውሰኝ ግድግዳ በሕይወቴ አልገጠመኝም ነበር።

ስለ ደቃቁ ክፍልም የማውቀው መስሎኝ የማላውቀው ብዙ ነበር። ከአርማታ ይዘት ከ60 እስከ 75 በመቶ የሚሆነው አሸዋና ጠጠር ነው። ከፎርም እንደወጣ ለስላሳ በሚተው ግድግዳ ላይ ትልቁ ጠጠር ቀለም አይሰጥም፤ ቀለሙን የሚሰጡት በመጀመሪያ ሲሚንቶው፣ ቀጥሎ የአሸዋው ብናኝ ነው። ስለዚህ አንዱ ጭነት ደለል የበዛበት፣ ሌላው የታጠበ ከሆነ ግድግዳው ዥጉርጉር ይሆናል፤ ፌሮውና ሲሚንቶው አንድ ዓይነት መሆኑ አያድነውም። ደለል ሲበዛ አርማታው ውሃ ይለምናል፣ ውሃው ሲጨመር ቆዳው ይደክማል፣ ይሰነጣጠቃል። በአገራችን ሳይቶች የሚጠቀሰው የደለል ገደብ 6 በመቶ ነው፤ ሲ33 ከ75 ማይክሮን በታች የሆነውን በክብደት 3 ወይም 5 በመቶ ላይ ይገድበዋል፣ እንደ ሥራው ዓይነት። ይህን የሰማ ሰው «እንግዲያው አጥበን አጥበን እናንጻው» ሊል ይችላል። ይሄም ሌላ ገደል ነው። አሸዋው ከመጠን በላይ ሲታጠብ ከደለሉ ጋር ደቃቁ ጤነኛ አሸዋም ይሄዳል። ደቃቅ የሌለው አርማታ ውሃውን መያዝ አይችልም፤ ውሃው በፎርሙ ፊት እየተንሸራተተ ወደ ላይ ይወጣል፣ ሲወጣም ሲሚንቶውን አጥቦ ቁልቁል የተሰመረ የአሸዋ ዱካ ትቶ ይሄዳል። ለዚህ ነው መስፈርቱ 300 ማይክሮን ወንፊት የሚያልፈው አሸዋ ከ5 እስከ 30 በመቶ ይሁን የሚለው። የሚታይ ግድግዳ ለሚሠራ ሰው ዝቅተኛውን ቁጥር ይዞ መከራከር አይጠቅመውም።

ጓደኞቼ «አርማታ ሻካራ ቢሆን ምን አለበት? ታዋቂው አርክቴክት ለ ኮርቡዚዬ እንኳ ተቀብሎታል» ይሉኛል። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1952 ማርሴይ ውስጥ ያለቀው ትልቁ የመኖሪያ ሕንፃው የሳንቃው ዱካ፣ ያልገጠመ መጋጠሚያ፣ የሠራተኛው እጅ ሁሉ ይታይበታል፤ እሱም እንዳለ ተወው። በሌላ በኩል ሌላው አርክቴክት ሉዊ ካን በካሊፎርኒያ ላ ሆያ በሠራው፣ በ1965 በተጠናቀቀው የሳልክ ተቋም ላይ ግድግዳው ከፎርም ከወጣ በኋላ እንዳይፋቅ፣ እንዳይደፈን፣ እንዳይቀባ ወሰነ። ሞቅ ያለ ቀለም እንዲኖረው አርማታው ውስጥ ፖዞላን የሚባል ዱቄት አስጨመረ፣ የሳንቃዎቹን መጋጠሚያ ራሱ ጌጥ አደረገው። ሁለቱንም በፎቶግራፍ ሳይ አንድ ነገር ይገባኛል። የሳንቃ ዱካ የተከናወነ ሥራ ምልክት ነው፤ አንዴ ይታተማል፣ ያበቃል። የክፉ ጠጠር ጉድጓድ ግን አያበቃም። በየክረምቱ አዲስ ይከፈታል። ይህንን ውበት ነው ብሎ መቀበል ሕመምን ጤና ነው እንደማለት ይሆንብኛል፤ አልቀበለውም።

የንባብ አዳራሹ ግድግዳ መጨረሻ ያው የፈራሁት ሆነ። መጀመሪያ ጉድጓዶቹን እየቆፈርን በልፍስፍሱ ጠጠር ፋንታ በጥንቃቄ በተመጠነ ሞርታር ደፈንን፤ ነጭ ሲሚንቶ እየቀላቀልን ቀለሙን ለማመሳሰል ሞከርን። ሲደርቅ ይመሳሰላል፣ ዝናብ ሲመታው እያንዳንዱ ጥጋኝ በተለያየ ፍጥነት ውሃ ስለሚጠጣ ተለይቶ ይወጣል። በቀጣዩ ክረምት ደግሞ ሌሎች ጉድጓዶች ተከፈቱ። ባለቤቱ ታከተውና ይለሰን አለ። አልፈርድበትም፤ ገንዘቡ አልቋል፣ አንባቢዎች እየጠበቁ ነው። ልሳኞቹ ከላይ ወደ ታች እየለሰኑ ሲወርዱ ግን ቆሜ ማየት አልቻልኩም። ያ ግድግዳ በእኛ ከተማ አርማታ ራሱን ሆኖ መቆም እንደሚችል ሊያሳይ የተነሳ ነበር፤ ንጹሑ ግራው ክፍልም ከበሽተኛው ቀኝ ጋር አብሮ ተሸፈነ።

አሁን የሚታይ አርማታ ያለበት ሥራ ሲሰጠኝ መጀመሪያ የምሄደው ካባው ነው። የተቆረጠውን የድንጋይ ግድግዳ ፊት አያለሁ፤ አናቱ ላይ ያለው ቡናማ ንብርብር ተገፎ ለብቻው ይጣላል ወይስ ከጥቁሩ ጋር አብሮ ክሬሸር ይገባል? ጠጠሩን አንስቼ በመዶሻ እሰብረዋለሁ፣ ውሃ ነክሬ እጠብቃለሁ፤ ቶሎ የሚጠጣና ቶሎ የማይደርቅ ጠጠር አያምረኝም። ጠፍጣፋና ሹል የሆነው ከበዛ ክሬሸሩን እጠይቃለሁ፤ በመንጋጋ ብቻ የተፈጨ ድንጋይ ብዙ ጊዜ ጠፍጣፋ ይበዛበታል፣ ጠፍጣፋ ጠጠር ደግሞ ፌሮና ፎርም መሐል ይሰነቀርና ሥሩን ባዶ ያስቀራል። አሸዋውን ጠርሙስ ውስጥ ከውሃ ጋር መትቼ አስቀምጠዋለሁ፤ ደለሉ ከላይ ይደረደራል፣ ፐሚሱም ካለ ተንሳፎ ራሱን ያጋልጣል። ይህ ምርመራ ጠርሙስና ትዕግሥት እንጂ ገንዘብ አይጠይቅም። ለሙሉ ግድግዳው የሚበቃ አሸዋና ጠጠር ከአንድ ምንጭ መጥቶ ሳይት ላይ ተለይቶ ካልተከመረ ሥራው እንዳይጀመር እከራከራለሁ። በክርክሩ ሁልጊዜ አላሸንፍም።

ከወንዝ ዳር አሸዋ የሚያወጡትን ወጣቶችና ሳይት ላይ በወንፊት የሚነፉትን ሴቶች ማነጋገርም ለምጃለሁ። የትኛው ጉድጓድ ጭቃ እንደሚበዛበት፣ የትኛው ጭነት በሌሊት ከየት እንደመጣ ከማንም በላይ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። በግድግዳው መልክ ላይ እጃቸው ያለበትን ያህል ስብሰባ ላይ ድምፅ የላቸውም፤ ይሄ ዛሬም ያንገበግበኛል።

ሕንፃ ልታሠሩ ያሰባችሁ፣ በተለይም ልስን የሌለው ግድግዳ የምትወዱ ወገኖቼ፣ አንድ ነገር እለምናችኋለሁ። የጠጠሩንና የአሸዋውን ምንጭ ስም በውላችሁ ላይ አስጽፉ፤ ምንጩ ሲቀየር ሥራው ቆሞ እንደገና እንዲመረመር አድርጉ። ከእውነተኛው አሸዋ፣ ከእውነተኛው ጠጠርና ሲሚንቶ የተሠራ የናሙና ግድግዳ በቅድሚያ ይቁምላችሁ፤ ጊዜ ካላችሁም አንድ ክረምት ዝናብ ይምታው። ከዚያ በኋላ ሄዳችሁ ፊቱን በእጃችሁ ዳስሱት፣ ፈርሙም።